ያልሆነውን መጻፍ ውሸት ነውን?

ሰው ከእንስሳ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ በዓይኑ ያላየውን በልቡ ማየት መቻሉ ነው። ገበሬ ዘሩን ወደ አፈር የሚጥለው ገና ያልበቀለውን አዝመራ በሐሳቡ አይቶ ነው፤ ቤት ሠሪም መሠረቱን ሳይቆፍር ጣሪያውን ያያል። ይሁን እንጂ ደራሲ ይህንኑ ችሎታ በወረቀት ላይ ሲያውለው ብዙ ሰዎች «ይህማ ውሸት ነው» ብለው ይነቅፉታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህን ነቀፌታ ነው።

ነገሩን ያነሣሣን በቡራዩ የምናውቀው አንድ ወጣት ነው። እስከ አሁን ያሳተመው ሁለት አጫጭር ታሪኮች ብቻ ሲሆን ገና ያልታተመው ግን ሦስት ደብተር ይሞላል። ከታሪኮቹ በአንዱ የገፈርሳ ውሃ አንድ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ አልወርድም ብሎ ይቆማል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም «በዳርቻዬ ከብት ያጠጡ የነበሩት ሰዎች ወዴት እንደ ሄዱ ንገሩኝ» ይላል። በሌላው ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ በሱሉልታ የሚወለዱ ልጆች ሜዳ ማለት ምን እንደ ሆነ አያታቸውን ይጠይቃሉ። አባቱ ይህን ሰምተው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ተረቱበት፤ ደብተሩን ትቶ ሥራ እንዲፈልግም መከሩት።

የአባት ምክር የሚናቅ አይደለም፤ እንጀራ በሐሳብ አይጋገርምና። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ መመልከት ይገባል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ውሸታም የተናገረው እውነት መስሎ እንዲታመንለት ሐሰቱን ይሰውራል። ደራሲ ግን ታሪኩ ከልብ የተወለደ መሆኑን ገና ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ ይናዘዛል። እንግዲህ የሚናዘዝን ሰው አታላይ ማለት እንዴት ይቻላል?

በሰማይ ስላለችው ላምም ጥቂት እንበል። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በ1865 እ.ኤ.አ. ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ የሚልክ ልብ ወለድ ጻፈ። በመድፍ ይተኮሳሉ ማለቱ ስሕተት ነበር፤ ቢሆንም ከ104 ዓመት በኋላ ሦስት ሰዎች ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሥተው ሄዱ። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሳይንስንና የጣናን ምስጢር በአንድ ታሪክ አገናኝቶ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ ደጋግሞም ታተመ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ወደ ሕዋ ስትላክ፣ መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ የተተከለው በእንጦጦ ነበር፤ ይኸውም ከሱሉልታ ቀና ብሎ የሚታየው ተራራ ነው። ላሚቱ በሰማይ ሆና ወተቷ በእንጦጦ ታለበ።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን ሌላ ነው። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ፕላን እናውቃለን። ፕላንም ቢሆን ገና ያልሆነውን የሚተርክ ጽሑፍ ነው፤ ልዩነቱ ማኅተም ያረፈበት መሆኑ ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎችም ከተሞች ጋር ሊያያይዝ የታሰበው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በካርታ ላይ መንገዱ በመስመር፣ ፋብሪካው በቀለም ይታያል፤ ሽማግሌው የሚያርፍበት የዛፍ ጥላ ግን አይታይም። ያን ጥላ አስቀድሞ የሚያሳየን ልብ ወለድ ነው። ደራሲ በሐሳቡ ቤት ቢያፈርስ ማንም ሜዳ ላይ አያድርም፤ ባለ ማኅተሙ ሐሳብ ሲሳሳት ግን ዕዳው በሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገና ስላልመጣው ዘመን ማሰብ ለባለ ፕላን ተፈቅዶ ለደራሲ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

ይህን ማለታችን ደራሲን ከኃላፊነት ነፃ ለማውጣት አይደለም። ያልሆነውን የሚጽፍ ሰው የሆነውን አጥብቆ ማወቅ አለበት፤ ገፈርሳን ሳያይ ስለ ውሃው ቢጽፍ ወይም ጎረቤትን ከጎረቤት ለማጣላት ሐሳቡን ቢያውል፣ ያን ጊዜ ነቀፌታው ይገባዋል።

ወጣቱን ቀን ሠርቶ ማታ እንዲጽፍ መከርነው፤ የገፈርሳውንም ታሪክ በአባቱ ፊት እንዲያነብ አደረግን። እኒህ ሰው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡና «ለመሆኑ ለውሃው መልስ ሰጡት?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁም ታሪኩን ገና እንዳልጨረሰው ነገራቸው። እኛም ይህ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው እንላለን።