ድፍረትና “እምቢ” ማለት

ድፍረት በየዘመኑና በየሕዝቡ ሲወደስ የኖረ ባሕርይ ነው። ገጣሚ ገጥሞለታል፤ ሠዓሊ ሥሎታል፤ ሐውልትም ቆሞለታል። ነገር ግን ከውዳሴው አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ደፋር የተባለው ሰው ላለመድፈር ይቻለው ነበርን? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሶቪየቷ ጂምናስት የዬሌና ሙኪና ሕይወት አጥብቆ ያቀርብልናል።

ሙኪና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960 ሞስኮ ውስጥ ተወለደች። እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ያሳደጓት አያቷ ናቸው። በ1978 በፈረንሳይዋ ከተማ በስትራስቡርግ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ እነ ኔሊ ኪምን አስከትላ በአጠቃላይ ውድድር አንደኛ ወጣች። በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ እየተገለበጡ አንድ ሙሉ ዙር መሽከርከር የሚጠይቀው የወለል ላይ እንቅስቃሴ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

በ1979 እግሯ ተሰበረ። በዚያው ዓመት የሶቪየት ሴቶች ቡድን በፎርት ዎርዝ በሩማንያ ተሸነፈ። የሞስኮ ኦሊምፒክ እየተቃረበ ሲሄድ ድሉን ማስመለስ የክብር ጉዳይ ሆነ፤ ሙኪናም እግሯ በቅጡ ሳይጠና ወደ ልምምድ ተመለሰች። አሠልጣኟ ሚካኢል ክሊሜንኮ እንድትለማመድ ያደረጋት እንቅስቃሴ በአሜሪካዊው ኩርት ቶማስ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ እየተሽከረከሩ አንድ ጊዜ ተኩል ተገልብጦ ወለሉ ላይ በመንከባለል የሚያበቃ ነው። ከፍታው ወይም ፍጥነቱ ጥቂት ከጎደለ አገጭና አንገት ከወለል ጋር ይጋጫሉ። አንገቷ ሊሰበር እንደሚችል ለአሠልጣኟ መናገሯን፣ እርሱም እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች አንገታቸው አይሰበርም ብሎ መመለሱን ኋላ ገልጻለች። ኦሊምፒኩ ሊከፈት 16 ቀን ሲቀረው፣ ጁላይ 3 ቀን 1980፣ ሚንስክ ውስጥ በልምምድ ላይ ወድቃ አንገቷ ተሰበረ። ዕድሜዋ 20 ዓመት ነበር። እጅና እግሯ ሳይታዘዙላት 26 ዓመት ኖራ በ2006 ዐረፈች።

ይሁን እንጂ ከአደጋው ይልቅ የሚያስደነግጠው በዚያች ቅጽበት የተሰማት ስሜት ነው። ወድቃ ሳለች በመጀመሪያ የታሰባት ኦሊምፒክ መሄዱ የቀረላት መሆኑ እንደነበረ ራሷ ተናግራለች። የአንገት መሰበር እንደ ዕረፍት ከታያት፣ ሌላ መውጫ በር አልነበራትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ያለ መሥዋዕትነት ታላቅ ሥራ የለም የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ያስፈነደቀን ያለ ድካምና ያለ ሥቃይ የተገኘ ድል አልነበረም። መሥዋዕት ግን የሚሰጠው በባለቤቱ እጅ ነው። ከሌላው እጅ የሚነጠቅ ከሆነ ስሙ ይለወጣል። “በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት” ሲሉ አባቶቻችን የተረቱት የሌላው ሕመም ለሚያዘው ሰው ቀላል ስለሚመስለው ነው።

ሙኪና አንድን ሰው ነጥላ ለመክሰስ አልፈለገችም። የክለብ ክብር፣ የቡድን ክብር፣ የሰንደቅ ዓላማ ክብር የሚሉት ቃላት ከኋላቸው ያለውን ሰው እንደሚጋርዱ ነበር ያስረዳችው። ይህ ትልቅነቷን ያሳያል፤ እኛን ግን ነጻ አያወጣንም። ጥፋት ለብዙዎች ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያነሰ ይመስላል እንጂ የአንገቱ ስብራት አያንስም። ያ እንቅስቃሴ ቆይቶ ለሴቶች ተከልክሏል፤ ደንቡ የመጣው ግን ከስብራቱ በኋላ ነው።

በፉከራና በሽለላችን “እምቢ” የጀግና ቃል ነው። ጀግናው ለጠላት እምቢ ሲል እናወድሰዋለን። ለገዛ አሠልጣኙ፣ ለአዘጋጁ፣ ለአለቃው እምቢ ያለውን ግን ፈሪ እንለዋለን። መምህር፣ የቡድን መሪ፣ የተውኔት አዘጋጅ የሆንን ሁሉ ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። በእጃችን ያለው ወጣት “ይህን አልችልም” ሲለን ሰምተን እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ ስፍራው ተጠብቆለት እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር። እምቢ ማለት በማይቻልበት ስፍራ የሚታየው ድፍረት መታዘዝ ብቻ ነው፤ ጭብጨባችንም ከትእዛዙ ይቈጠራል።