ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

ጊዜን የሰጠን ፈጣሪ ነው፤ ቍጥሩን ያበጀው ግን ሰው ነው። ስለዚህ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ፀሐይ አካሄድ ብቻ አይጠይቅም፤ ከጐረቤቶቹ ጋር በምን እንደ ተስማማም ይጠይቃል። ይህ የቈየ ጥያቄ በኪሳችን በምንይዛት በአንዲት ትንሽ ሥዕል ምክንያት እንደ ገና ተነሥቶብናል።

አፕል የተባለው ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አይፎን ሲያወጣ፥ በስልኩ ገጽ ላይ ከተደረደሩት ሥዕሎች አብዛኞቹ እንደ ሱቅ ሰሌዳ ባሉበት የሚቆሙ ነበሩ። የቀን መቍጠሪያው ሥዕል ግን የዕለቱን ቀን እያሳየ ይለወጥ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሰዓቱ ሥዕል ጠቋሚዎች እውነተኛውን ጊዜ ተከትለው መዞር ጀመሩ። ዛሬ እንዲህ ያለው ሥዕል በብዙ ስልኮች ላይ ይገኛል። ሰው ሳይጠይቅ ሥዕሉ ይመልሳል።

እንግዲህ ይህን ስልክ ይዘን ወደ ከሚሴ እንሂድ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ ጐን ለጐን ይነገራሉ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይጻፋል፤ የረመዳን ጾም በጨረቃ ይያዛል፤ የስልኩ ሥዕል ደግሞ ካላስተካከሉት በቀር የአውሮፓን ቀን ያሳያል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘመን ሲለወጥ ሥዕሉ 11 ይል ነበር። በሂጅራ አቈጣጠር አዲሱ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ ስልኩ እኩለ ሌሊትን ይጠብቃል፤ የእኛ የቀን ሰዓት ከንጋት ይቈጠራል። ጧት 1 ሰዓት ስንል የሥዕሉ አጭር ጠቋሚ 7 ላይ ነው።

ይህ ለተመልካች ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ዕዳ ያለበት ሰው አይስቅበትም። አንድ ሽማግሌ የማሽላ ዋጋ ተበድረው፥ ጥር 1 ቀን «ልጄ፥ በ15 እከፍልሃለሁ» አሉ እንበል። ወጣቱ አበዳሪ ስልኩን አይቶ ሥዕሉ 15 ባለ ዕለት ይመጣል። ቀኑ ግን ጥር 7 ነው፤ ለሽማግሌው 8 ቀን ይቀራቸዋል። ወጣቱ «ቃልዎን አጠፉ» ይላል፤ ሽማግሌውም «እምነት ነሣኸኝ» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱም አልዋሸም፤ ሥዕሉም አልዋሸም። ወዳጅነታቸው ግን ተጐዳ። በሬ በቀንዱ፥ ሰው በአንደበቱ ይታሰራል እንላለን፤ ነገር ግን ገመዱን ሁለቱም በአንድ ስፍራ ካልያዙት ማሰሩ ምን ይጠቅማል?

«ስልኩን በሀገራችን አቈጣጠር ማስተካከል ይበቃል» የሚል ቢኖር፥ መልካም ተናገረ፤ ሠሪዎቹም ይህን ሊያቀሉልን ይገባል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜም ሥዕሉ ቍጥሩን እንጂ ስምምነቱን አይነግረንም። በዚሁ ዞን በምትገኘው በባቲ የታወቀው ገበያ ሰኞ ይቆማል። አፋሩም፥ ኦሮሞውም፥ አማራውም ከየአቅጣጫው መጥቶ ይገናኝበታል። የወሩ ቀን ለአንዱ 7፥ ለሌላው 15 ቢሆን እንኳ ሰኞ ለሁሉም ሰኞ ነው። ገበያውን ያቆመው ቍጥሩ ሳይሆን ሰዎቹ አስቀድመው ተጠያይቀው መስማማታቸው ነው።

እኛ የምንፈራው ሥዕሉ መንቀሳቀሱን አይደለም፤ እርሱ ሲንቀሳቀስ እኛ መጠየቅ መተዋችንን ነው። የማይለወጥ ምልክት ሰውን ወደ ጐረቤቱ ይልከው ነበር፤ የሚለወጠው ግን መልስ ያገኘ አስመስሎ በቤቱ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቃል የሚሰጥም ቃል የሚቀበልም ስልኩን ከማየቱ በፊት «በማን አቈጣጠር?» ብሎ ይጠይቅ፤ የወሩንም ስም ይጥራ። ይህች አጭር ጥያቄ የሽማግሌውን ክብርና የወጣቱን ገንዘብ አንድ ላይ ትጠብቃለች።