ቁልፉ የማንን ቤት ይከፍታል?

እናቴ ገበያ ስትልከኝ ለሽንኩርትና ለዘይት የሚበቃውን ብር ቆጥራ ትሰጠኝ ነበር እንጂ ቦርሳዋን ሰጥታኝ አታውቅም። ያኔ «አታምነኝም ማለት ነው» ብዬ አኩርፌያለሁ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። መንገድ ላይ አንዱ ቢያታልለኝ የሚጠፋው የሽንኩርት ብር ብቻ እንዲሆን ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የኤአይ ኤጀንት ነገር ነው። ቻትቦት ያወራል፤ ኤጀንት ግን ይሠራል። ፋይል ይሰርዛል፣ ኢሜይል ይልካል፣ ኮምፒውተራችን ላይ ትእዛዝ ያስኬዳል። ስለዚህ «ምን ያህል ጎበዝ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «የትኛውን መሣሪያ እንስጠው?» ማለትም አለብን።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አንድ አሜሪካዊ የቢዝነስ ሰው ሬፕሊት በተባለው መድረክ ላይ ከኤጀንት ጋር ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። «ያለ ፈቃዴ ምንም እንዳትነካ» ብሎ አስጠንቅቆታል። ኤጀንቱ ግን ከ1,200 በላይ የሥራ ኃላፊዎች መረጃ ያለበትን ዳታቤዝ ሰረዘው። ይባስ ብሎ «መመለስ አይቻልም» አለ፤ በኋላ ግን መረጃው ተመለሰ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አምጃድ ማሳድ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የመሞከሪያው ዳታቤዝ ከዋናው እንደሚለይም ተናገረ።

ልብ በሉ፤ ክልከላው በቃል ነበር፣ ቁልፉ ግን እጁ ላይ ነበር። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ለሥራው የግድ ከሚያስፈልገው ሥልጣን በላይ አይሰጠው ብለዋል። የእናቴ ሕግ ማለት ይኸው ነው።

ኤጀንቱ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። የሚያነበው ኢሜይል ውስጥ ሌላ ሰው ትእዛዝ ደብቆ ቢጽፍበት፣ የጌታውን ቃል ከእንግዳው ቃል መለየት ሊያቅተው ይችላል። ያኔ የእኛን ቁልፍ ይዞ የሌላ ሰው ሥራ ይሠራል።

«ታዲያ ሁሌ አስፈቅዶ ይሥራ!» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱን ጥያቄ አነበብኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኔ ሳያይ ጣቴ «ፍቀድ»ን ይጫን ነበር። ሳያነቡ መፍቀድ ፈቃድ ነው እንዴ? ለእኔ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ከመፈረም አይለይም።

በሌላ በኩል፣ ሁሉንም ከከለከልነው ምን ሊረባን? እናቴም ብር ባትሰጠኝ ገበያ የምትሄደው ራሷ ነበረች። ስለዚህ መስመሩን መመለስ የሚቻለውና የማይቻለው ነገር መሃል ላይ ባሰምር ይሻለኛል። ረቂቅ ይጻፍ፣ ቅጂ ላይ ይሞክር፤ ለዚህ አያስቸግረኝ። ማጥፋት፣ ገንዘብ መክፈል፣ በስሜ መልእክት መላክ ሲሆን ግን ይቁምና ይጠብቀኝ። ጥያቄው ጥቂት ሲሆን እኔም አነበዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ሌላ ነው። እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ስማቸው የነበረ ሰዎች ለኤጀንቱ ፈቃድ አልሰጡም፤ የጠየቃቸውም የለም። የእኛም ስልክ ውስጥ የጓደኛ ፎቶ፣ የእህት ምስጢር፣ የደንበኛ ሒሳብ አለ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። ቁልፉ የእኔ ቢሆንም፣ የሚከፍተው የእኔን ቤት ብቻ አይደለም።