ዕጣ የወጣለት ደንበኛ

«ደንበኛ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንዱ፣ ከአንድ ሱቅ እየተመላለሰ የሚገዛ ሰው ነው። በሌላው፣ እንደ ደንቡ የሆነ ነገር ሁሉ ነው፤ ደንበኛ ዳኛ፣ ደንበኛ ቤት፣ ደንበኛ ክትፎ እንላለን። በወር እየከፈልን ድራማና ፊልም የምናይባቸው ድርጅቶች «ውድ ደንበኛችን» እያሉ መልእክት ሲልኩልን የመጀመሪያውን ማለታቸው ነው። ልባቸው የሚመኘው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ማዶ ሌላ ሱቅ ቢከፈትም የማይሄድላቸውን ሰው። መላውንም አግኝተነዋል ይላሉ፦ ከእኛ በቀር የትም የማይታይ፣ የራሳችን ድራማ።

እውን ድራማ ሰውን ታማኝ ያደርጋል? የገበያ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ፤ ታማኝ የሚባለው ማን እንደሆነ ካልተስማማን የቀረው ቁጥር መቁጠር ብቻ ነውና።

ነገሩን ከወልቂጤና ከቡታጅራ ብናየው ይበልጥ ይጠራል፤ እዚህ ታሪኩና ታሪኩን የሚሸጠው ቤት ተለያይተው ነው የሚገኙት። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሀውስ ኦፍ ካርድስ»ን ይዞ ብቅ አለና የሰው ፊልም ከማከራየት የራሱን ወደ መሥራት ዞረ። በጥር 2016 ደግሞ በአንድ ቀን ከ130 በላይ አገሮች ውስጥ በሩን ከፈተ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በወረቀት ደረጃ ወልቂጤም ደርሷል ማለት ነው። ለመክፈል ግን ከአገር ውጭ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የደረሰው ድርጅቱ ሳይሆን ድራማው ነው፣ በቴሌግራምና ፊልም በሚጫንበት ፍላሽ። «ስኩዊድ ጌም»ን እስከ መጨረሻው ክፍል ያየ፣ ተዋናዮቹን በስም የሚጠራ፣ ለድርጅቱ ግን አምስት ሳንቲም ያልከፈለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እዚያ ብርቅ አይደለም። ስርቆቱን ለጊዜው እንተወው፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለእኔ የሚያሳየኝ ሌላ ነገር ነው፦ ታሪክን መውደድና ቤቱን መውደድ ሁለት ነገር መሆናቸውን።

ይኸው ነገር በዲሹም ታይቷል። ቃና በ2008 ዓ.ም. በዐማርኛ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ምን ያልተባለ ነገር ነበር! የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፣ ወላጆች አማረሩ፣ ማታ ማታ ግን «ጥቁር ፍቅር» የማይታይበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብድ ነበር። በኋላ «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ እነአዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ የጻፉትን ታሪክ ፍለጋ ሰው ሪሞቱን ይዞ ከዚያ በፊት ቁጥሩን እንኳ ወደማያውቀው ጣቢያ ሄደ። ድራማው ሲያልቅስ? ሰውየው ሪሞቱን አንሥቶ ወደ ቀጣዩ ታሪክ ተሻገረ። ጥሩ የአገር ውስጥ ሥራ ሰው እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ያመጣውን ሰው ያቆያል ወይ ነው ጥያቄው።

ዐማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር ስም አለው፤ ወረት ይለዋል። ወረት ውሸት አይደለም። ወረተኛ ሰው በወረቱ ሰዓት ከልቡ ነው የሚወድ፤ ችግሩ ፍቅሩ ከአዲስነቱ ጋር አብሮ ማለቁ ነው።

መልቲቾይስ በ2014 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ ላይ የኢትዮጵያ ድራማዎች የሚታዩበትን ጣቢያ ሲከፍት ስሙን «አቦል» አለው። ቆንጆ ስም ነው፤ የጀበናው የመጀመሪያ ቅጂ፣ ወፍራሙ። ነገር ግን ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አቦልን ጠጥቶ ብድግ የሚል እንግዳ «እንዴ፣ በረካውንስ?» ይባላል። ወፍራሙን ለመጠጣት ማንም ይቀመጣል። ቀጭኑን በረካ የሚጠብቅ ግን ለቡናው ሳይሆን ለሰዎቹ የተቀመጠ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከኳስ ልውሰድ። ዲኤስቲቪ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ወልቂጤ ከተማ በሊጉ ውስጥ ነበር። በኮቪድ ምክንያት ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ስለተካሄዱ ወልቂጤ ያለ ደጋፊ ክለቡን የሚያየው በቴሌቪዥን ብቻ ሆነ። ከፍሎ በቤቱ የሚያየው በቤቱ፣ ያልቻለው ካፌ ገብቶ አንድ ማኪያቶ አዝዞ። እነዚህ ሰዎች ታማኝ ነበሩ፤ ክለቡ ሲሸነፍም ይመጣሉ። ታማኝነታቸው ግን ለማስተላለፊያው አልነበረም። ጨዋታው በሌላ ጣቢያ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ እዚያ በተገኙ! ድርጅቱ የገዛው የሌላ ሰው ፍቅር የሚያልፍበትን በር ነው። በር መያዝ ያዋጣል፤ መወደድ ግን አይደለም።

እንግዲህ ታማኝነትን ከማን እንማር ካላችሁኝ፣ ጉራጌ አገር ቆሞ ስለ ዕቁብ ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። መርካቶን ያቆመው የጉራጌ ነጋዴ ካፒታሉን ከየት አመጣ ቢባል፣ ከመልሱ ግማሹ ዕቁብ ነው። አሠራሩን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ በየሳምንቱ ይጣላል፣ ዕጣ ይወጣል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ነው። ብሩን ወስዷል። ከዚያ ማኅበር የሚጠብቀው አንዳች ነገር የለም። ዙሩ እስኪያልቅ ግን በየሳምንቱ ይጥላል። ዕጣው ያልወጣለት ሰው ቢጥል ምን ይደንቃል፤ ገና ተስፋ አለው። የሰው ታማኝነቱ የሚታወቀው ከወሰደ በኋላ ነው።

ተከታታይ ድራማ የዚህ ግልባጭ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ ታሪኩን ልብ ላይ አንጠልጥሎ የሚያቆመው ለምን ይመስላችኋል? ዕጣህ ገና አልወጣም ሊለን እኮ ነው። እኛም እንከፍላለን፤ እየጠበቅን ስለሆነ። መጠበቅ ደግሞ ትልቅ ኃይል አለው፣ ሰውን ለወራት ያቆያል፤ ታማኝነት ብሎ መጥራት ግን ለቃሉ ክብር አለመስጠት ነው። የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት ተመልካቹ ዕጣውን ወስዷል። የዚያን ወር ማግስት ከከፈለ ያን ጊዜ እንነጋገር።

እርግጥ ዕቁብተኛ ዋስ ይጠራል፤ ያለ ዋስ ማን ይሰጠዋል? ዋስ የሚጠራውም መክፈል ያለበት ለሚያውቃቸው ሰዎች ስለሆነ ነው። ድርጅት ጎረቤት አይደለም፤ ለቅሶ አይደርስም። ከእሱ ጋር ስንለያይ የሚያፍርብን የለም፣ ማፈርም የለብንም። በወር የሚታደስ ውል በወር ቢቋረጥ የተበደለ ሰው አይታየኝም።

ግዴታ ካለ በሌላው ወገን ነው። ታሪክ የጀመረ ሰው ለሰሚው ቃል ገብቷል። ኔትፍሊክስ በ2019 «ዘ ኦኤ»ን ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ፣ በጥር 2023 ደግሞ «1899»ን በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ እንቆቅልሹ ሳይፈታ ቆርጦ ተወ። እኛም ዘንድ ስፖንሰር ጠፍቶ በመሃል የቀሩ ድራማዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ እንግዲህ በዕቁብ ቋንቋ ዳኛው ገንዘቡን እየሰበሰበ ዕጣ ማውጣት ሲያቆም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ለአዲስ ድራማ ልቡን ቶሎ ባይሰጥ፣ «ሲያልቅ አንድ ላይ አየዋለሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሰውን ቤት የሚያውለው ነገር አዲስ እንኳ ላይሆን ይችላል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ከሁሉ በላይ የታየው «ዘ ኦፊስ» ነበር፤ ኔትፍሊክስ ላይ የሚታይ፣ ነገር ግን ኔትፍሊክስ ያልሠራው፣ ካለቀ ሰባት ዓመት የሞላው አሮጌ ኮሜዲ። መጨረሻውን ሁሉም ያውቃል። እኛም የልመንህንና የአለባቸውን ቀልድ በቃላችን እየያዝነው በበዓል ደግመን እንስቃለን። ዕጣው ከወጣ በኋላ የሚቀጥል ነገር ካለ እንደዚህ ያለው ነው። ምናልባት አንድ ቤት ደንበኛ የሚያፈራው እናት ከልጆቿ ጋር ለአምስተኛ ጊዜ የምታየው ሥራ ሲኖረው ይሆናል። ያ ደግሞ በአንድ ዓመት በጀት አይሠራም፤ አሥር ዓመት ይፈጃል። በዚያ መሃል ባለቤቱ ራሱ ይቀየራል፤ መልቲቾይስ እንኳ በመስከረም 2025 በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ እጅ ገብቷል።

እስከዚያው የወልቂጤም የቡታጅራም ተመልካች የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ሰኔ ላይ የአውሮፓ ኳስ ሲዘጋ ክፍያውን ይተወዋል፣ ክረምቱን ዝናብ እያየና ነጻውን ጣቢያ እየቀያየረ ያሳልፈዋል፣ ነሐሴ ላይ ያድሳል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ይመጣል።