ሰይፍ ለታጠቀ ሰው ቤት የሚሰጥ ምጽዋት

በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ለንስሐ ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል ወታደሮችም ነበሩ። እነርሱም እንደ ሌላው ሕዝብ ቀርበው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው መጥምቁ ዮሐንስን በጠየቁት ጊዜ፣ ነቢዩ መሣሪያቸውን ጥለው እንዲሄዱ አላዘዛቸውም። በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ በደመወዛቸውም እንዲረኩ ነገራቸው (ሉቃ. 3፥14)። ይህን የወንጌል ክፍል በትምህርተ ክርስቶስ ጊዜ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግፉ እንናገርና ደመወዙን ሳናነሣ እናልፋለን። ነገር ግን ዮሐንስ እነዚህን ነገሮች ያያያዛቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥልጣን የያዘ ሰው ቤቱ ሲጎድል ጉድለቱን ከማን ላይ እንደሚሞላ ያውቅ ነበር።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሕግ አስከባሪው በደመወዙ መኖር ካልቻለ፣ ወይም በሥራው ላይ ሞቶ ልጆቹ ያለ አሳዳጊ ከቀሩ፣ ምእመናን ሊረዱት ይገባልን? ርዳታውስ ፍቅረ ቢጽ ነው ወይስ በትሕትና የቀረበ መማለጃ? ስለ መበለቲቱ ብቻ ስናስብ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገ በመንገድ ላይ ስለሚያስቆሙን፣ በጣቢያም ቃላችንን ስለሚቀበሉት ስለ ባልደረቦቹ ስናስብ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ይህ ጥያቄ በግልጽ ከታየባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ አብዛኞቹ ግዛቶች ከከተማው ፖሊስ የተለየ የራሳቸው ፖሊስ አላቸው። በዙሪያውም መበለቶችንና ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዱ፣ ለታመመ ፖሊስ የሚያዋጡ፣ ለልጆች የትምህርት ወጪ የሚሰጡ፣ ከፖሊሶቹም ጋር ሆነው በአካባቢው ለሚገኙ ችግረኞች የሚደርሱ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተቋቁመዋል። ሁሉንም ከመዳሰስ ይልቅ በአንድ ግዛት፣ በፔንሲልቬኒያ፣ ላይ ማተኮሩ ይሻላል፤ በዚያ የፖሊስና የገንዘብ ዝምድና ከካቶሊካውያን ሐዘን ጋር በአንድ አፈር ላይ ተገናኝቷልና። (ስለዚያ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ይወጣባቸው የነበሩ ተራሮች አሉ። ከአየርላንድ፣ ቀጥሎም ከፖላንድ፣ ከስሎቫኪያና ከሊትዌንያ የመጡ ድኾች፣ አብዛኞቹም ካቶሊካውያን፣ በእነዚያ ተራሮች ሆድ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ግዛቱ በ1865 ባወጣው ሕግ የባቡር ኩባንያዎች፣ በሚቀጥለውም ዓመት የከሰልና የብረት ኩባንያዎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲቀጥሩ ፈቀደ። ኩባንያው ለአንድ ሰው ሹመት ለግዛቱ የሚከፍለው አንድ ዶላር ነበር። እንዲህም ሆኖ ሹመቱ የመንግሥት፣ ደመወዙ የኩባንያው ሆነ። ይህን የምለው እነዚያ ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ክፉዎች ነበሩ ለማለት አይደለም፤ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለማሳየት ነው።

በሴፕቴምበር 10 ቀን 1897 በላቲመር፣ መሣሪያ ሳይዙ በሰልፍ ይሄዱ በነበሩ የማዕድን ሠራተኞች ላይ የአውራጃው ሸሪፍና ረዳቶቹ ተኩሰው 19 ሰዎች ሞቱ፤ ተከሳሾቹም በሚቀጥለው ዓመት በነፃ ተለቀቁ። በ1902 ወደ 140,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ የዊልክስ ባር ከተማ ካህን አባ ጆን ከረን ከሠራተኞቹ ጎን ቆሙ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ባቋቋሙት አጣሪ ኮሚሽንም የፒዮሪያው ጳጳስ አቡነ ጆን ላንካስተር ስፖልዲንግ አባል ነበሩ። ከዚህ በኋላ በ1905 የግዛቱ ፖሊስ ተመሠረተ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ደመወዙን ከሕዝብ ግምጃ ቤት የሚቀበል ፖሊስ የማንም ኩባንያ አሽከር አይሆንም ተብሎ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ፈረሰኞቹ በየአድማው ላይ በተሰማሩ ጊዜ፣ ስደተኞቹ ሠራተኞች ከትውልድ አገራቸው ይዘውት በመጡት የፍርሃት ስም «ኮሳኮች» አሏቸው። የኩባንያዎቹም ፖሊስ ቢሆን እስከ 1931 ድረስ አልቀረም።

አሁን ከመቶ ዓመት በላይ ወደዚህ እንሻገር። በሴፕቴምበር 12 ቀን 2014 ሌሊት፣ በዚያው በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ፣ በብሉሚንግ ግሮቭ በሚገኘው የግዛቱ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ አድፍጦ የነበረ ሰው ተኩሶ አንዱን ፖሊስ ገደለ፤ ሌላውንም ክፉኛ አቆሰለ። ገዳዩን ለመያዝ 48 ቀን ፈጀ። የሟቹ ጸሎተ ፍትሐት የተፈጸመው በስክራንተን ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ነበር። ስክራንተን የ1902ቱ ኮሚሽን ተቀምጦ የሠራተኞቹን አቤቱታ የሰማባት ከተማ ናት፤ በዚያ ሀገረ ስብከት ከሚኖሩት ምእመናንም ብዙዎቹ የእነዚያ ሠራተኞች የልጅ ልጆች ናቸው። ለሟቹ ቤተሰብና ለቆሰለው ባልደረባው በየቦታው መዋጮ ተደረገ።

እንግዲህ ከእነዚያው ሸለቆዎች ሁለት ዓይነት ገንዘብ ለፖሊስ ሲሰጥ አየን፤ አንደኛው የኩባንያው፣ ሁለተኛው ለመበለቲቱ የተዋጣው። ሁለቱም ከግል ኪስ የወጡ ናቸው። ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ሰጪው ባለጸጋ ወይም ድኻ በመሆኑ ነው ማለት አይቻልም፤ ድኻም መማለጃ ይሰጣልና። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ገንዘቡ በሚያርፍበት እጅ ላይ ነው። የመጀመሪያው ያረፈው ሥልጣን በያዘ እጅ ላይ ነው፤ ያ እጅ ነገ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይመታል ወይም ይራራል። ሁለተኛው ያረፈው ምንም ሊመልስ በማይችል ቤት ላይ ነው። ጌታችን ግብዣ የሚያደርግ ሰው ብድራት መመለስ የማይችሉትን እንዲጠራ ማስተማሩ (ሉቃ. 14፥12-14) ለዚህ ጉዳይ እንደ ሚዛን ያገለግለናል። የፖሊሱ ሚስት ባሏ በሥራው ላይ ሳለ ምናልባት በዚህ ሚዛን አትመዘንም፤ ባሏ በተቀበረ ማግሥት ግን ትመዘናለች።

ብድራት የመጠበቅ ነገር በልብ ውስጥ እንዴት ረቂቅ ሆኖ እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ልማድ አለ። በአሜሪካ ለፖሊስ ማኅበራት ገንዘብ ለሚሰጡ ሰዎች በመኪና መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ምልክት መስጠት የቆየ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚለጥፈው በቅን ልብ፣ አክብሮቱን ለመግለጽ ነው። ሆኖም ምልክቱ የሚለጠፈው በመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይሆን ፖሊስ ሊያየው በሚችልበት ስፍራ ነው። ፖሊሱ ከቁም ነገር ባይቆጥረው እንኳ፣ ለጣፊው በልቡ ጥግ አንዲት ትንሽ ተስፋ ካኖረ ምጽዋቱ ነቅዟል፤ ምልክት የሌለው ድኻ ሾፌርም በዚያው መንገድ ይሄዳልና። ይህ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትና አክብሮት የተቀላቀሉበት ስጦታ ለአታላዮችም ይመቻል። በ2009 የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንና የየግዛቱ ባለሥልጣናት በፖሊሶች፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞችና በቀድሞ ወታደሮች ስም ገንዘብ እየሰበሰቡ ሕዝቡን ባታለሉት ላይ በአንድነት ርምጃ ለመውሰድ ተገደዋል።

በቅፍርናሆም የነበረውን የመቶ አለቃ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል (ሉቃ. 7፥1-10)። በዚያ ታሪክ ስጦታው የሄደው ከባለ ሥልጣኑ ወደ ሕዝቡ ነበር፤ ምኵራብ ሠርቶላቸዋል። ሽማግሎቹም ይህንኑ ቈጥረው ርዳታ የተገባው ሰው ነው ብለው ማለዱለት። እርሱ ራሱ ግን የተገባሁ አይደለሁም ብሎ ላከ። ጌታችንም ያደነቀው እምነቱን ነው፤ ስለ ምኵራቡ አንድም ቃል አልተናገረም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከበደ ነው። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ (ቁ. 8)፣ በፍትሕ ሊከፈል የሚገባው ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ ሆኖ እንዳይቀርብ አስጠንቅቋል። ሕዝብን ሲጠብቅ የሞተ ሰው ልጆች ለማኞች አይደሉም፤ ሕዝቡ የእነርሱ ባለ ዕዳ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በሥራ ላይ ለሚሞት ፖሊስ ቤተሰብ 50,000 ዶላር እንዲከፈል በሕግ የወሰነው በ1976 ነበር፤ በ2001 መጠኑ ወደ 250,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ መበለቶች የሚጠብቁት የጎረቤትንና የባልደረባን ቸርነት ነበር። ቸርነቱ መልካም ነበር፤ ግን ዕዳው ሳይከፈል የቆየበትን ዘመን ከዐይን ሸፍኖት እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። ለፖሊስ የሚበቃ ደመወዝ የማይከፍል መንግሥት ምእመናን መሶብ ይዘው ሲመጡለት ቢያይ ደስ ይለዋል፤ እኛ ግን ደስ ሊለን አይገባም።

ዕዳው ከተከፈለ በኋላስ ለምጽዋት ምን ቀረው? ብዙ ቀርቷል። የመንግሥት ገንዘብ ማመልከቻው እስኪመረመር ይቆያል፤ የቤት ኪራይ ግን አይቆይም። ልጁ በካንሰር የታመመችበት ፖሊስ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው የወጣው ሕግ አይመለከተውም። ሕግ ደግሞ አብሮ አያለቅስም። በ1984 በዚያ አገር በሥራ ላይ የሞቱ ፖሊሶች ቤተሰቦች እርስ በርስ የሚጽናኑበትን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ የጎደላቸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም።

ምናልባት አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ተነሥቶ እንዲህ ይለን ይሆናል፦ «በቁምስናችን ልጇ በፖሊስ የተደበደበባት እናት አለች፤ ለፖሊስ ቤት ስንለምን በፊቷ እንዴት እናልፋለን?» ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም። መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ከእግዚአብሔር የራቀ አለመሆኑን ቅዱስ አውግስጢኖስ በ418 ለጦር መኮንኑ ለቦኒፋስ ጽፎለታል፤ ነገር ግን ይህ መልስ ለዚያች እናት አይበቃትም። ለላቲመር መበለቶችም አይበቃቸውም ነበር። ለፖሊስ መበለት እንጀራ ማቅረብ ተቋሙን ከበደል ነፃ ማድረግ አይደለም፤ በኀዘንተኛይቱ ላይ ባሏ ያልሠራውን ወይም የሠራውን ኃጢአት አለመጫን ነው። ይሁን እንጂ ለአንዷ የሚያዋጣና ስለ ሌላይቱ ዝም የሚል ቁምስና፣ ይወቀው አይወቀው፣ ወገን ለይቷል። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ከተደበደበው ልጅ ጋር ወደ ሕግ ፊት የሚቆም ሰውም ከዚያው ቁምስና መገኘት አለበት። ከሁለተኛው የሚሸሽ የመጀመሪያውን በፍቅር ሠራሁት ቢል አላምነውም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጥቷል። በመሆኑም ፖሊሱ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱን እናውቃታለን፣ ክርስትና የተነሣበትንም ቀን እናስታውሳለን። በእድር ረገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱን ነገር ለዚህ ጉዳይ ያስተምረናል። እድር ምጽዋት አይደለም፤ ሆኖም የሟቹን ሥራ አይጠይቅም። ለነጋዴውም ለፖሊሱም ያው ድንኳን ይተከላል፣ በደንቡ የተወሰነው ያው ገንዘብ ይሰጣል፣ ሴቶቹም ያንኑ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ይህን ያህል ሰጠሁ ብሎ በጣቢያው በር ላይ የሚጠቀስ ሰው የለም። የቁምስና ምጽዋትም ይህን ጠባይ ቢይዝ ንጹሕ ይሆናል፦ ገንዘቡ ወደ ጣቢያው ሳይሆን በቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበር እጅ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ የሰጪዎች ስም አይነበብ፤ ፎቶግራፍም አይነሣ። በፖሊስ ዘንድ ክስ ወይም ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ ለጊዜው መዋጮውን ለእስረኞች ቤተሰብ ያድርግ።

አንድ ነገር ግን እስከ አሁን አልተፈታልኝም። በሥራ ላይ ያለ፣ ጤነኛ፣ ነገር ግን ልጁን የሚያሳክምበት ያጣ ፖሊስ በቁምስናችን ቢኖርስ? እርሱ ብድራት መመለስ ይችላል፤ ፈልገን ባይሆን እንኳ ነገ ባለ ውለታ እንደ ሆነ እየተሰማው በመካከላችን ይዳኛል። መጽሐፍ መማለጃ የሚያዩትን ሰዎች ዐይን እንደሚያሳውር ሲናገር (ዘጸ. 23፥8)፣ ክፉዎቹን ብቻ አላለም። በሌላ በኩል ልጁ ምንም ሥልጣን የለውም፣ ትኩሳቱም ክርክራችን እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነብኝ ልጁ ይታከም እላለሁ። ገንዘቡን አዋጥተው የሚልኩለት ግን ያ ፖሊስ በማያዝዝበት ወረዳ የሚኖሩ፣ እርሱም ፊታቸውን የማያውቀው የሌላ ቁምስና ምእመናን ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ የእነርሱን ችግረኛ ደግሞ እኛ እንቀበላለን።