የአያት ሜዳልያ ይወረሳልን?

ከአያታችን ሣጥን የኮርያ ዘመቻ ሜዳልያ ብናገኝ ክብሩ የእኛ ነውን? የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ የዘመቱት ለማያውቁት ሕዝብ ነበር፤ ከ120 የሚበልጡትም ወደቁ።

ልጆቿ የተራቡባት የዘማች ሚስት ሜዳልያውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስዳ ብትሸጠው የባሏን ክብር ሸጠችን? አይመስለኝም። ዘማቾቹ በዶንግዱቾን ከተማ ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። እንግዲህ ሴትዮዋ እነርሱ በሩቅ አገር የሠሩትን በቤቷ ሠራች።

ክብሩን የሚሸጠውስ ሜዳልያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የጎረቤቱን ድኻ አደግ ከደጁ የሚመልስ ነው። ሜዳልያ ይወረሳል፤ ጀግንነት ግን ይሠራል እንጂ አይወረስም።