ስለ እንጨት ሰዓት፣ ስለ ሰንበትም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ነገር ግን አንዲት የንስሐ ልጃችን ባሏን ልትከስ ወደ እኛ በመጣችበት ምክንያት ያየነውና የሰማነው ከልባችን አልወጣም። በሌሎች ካህናት ወንድሞቻችንም ደጅ እንዲህ ያለ ክስ ሳይመጣ እንደማይቀር ስለምናምን እርሱን መጻፍን መረጥን።

ባልዮው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከወረቀት ጋራ ይውላል። የሚስቱ ክስ ይህ ነበር፤ «ቅዳሜና እሑድ ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። መጋዝና ሞረድ ሲያሰማ ይውላል። ቤቱን ሰጋቱራ ሞላው። የእንጨት ሰዓት እሠራለሁ ሲል የቅዳሴ ሰዓት ካለፈው ሁለት ወር ሆነው። አባቴ፣ ይገሥጹልኝ።»

እኛም ነገሩን ሳንመረምር ተቈጥተን በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሄድን። በሩን አንኳኵተን ብንገባ፣ ልብሱን ትቢያ አልብሶት፣ በአንድ እጁ ሞረድ በሌላው ጥርስ የወጣለት ትንሽ የእንጨት መንኰራኵር ይዞ አገኘነው። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተምረህ መዝገብ ያዥ ከሆንህ በኋላ ጠራቢ ልትሆን ነውን?» አልነው። እርሱም የያዘውን አስቀምጦ፣ መስቀላችንን ተሳልሞ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «አባቴ፣ ስለ ሰንበቱ ጥፋተኛ ነኝ፤ ስለ ጠራቢነቱ ግን፣ በናዝሬት ጌታችንን የናቁት ሰዎች የነቀፉት በዚሁ እንደ ነበረ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለን።

ምላሽ አጣን። እውነት ነው፤ የዮሴፍን ጸራቢነትና የጌታችንን በዚያ ቤት ማደግ ያስተማርን እኛ ነን። ያስተማርነውንም ሰው በዚያው በጸራቢው ስም ሰደብነው። ይህ ቃል ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ቤት የተማርነው ሳይሆን ከመንደር የለቀምነው መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ መከልከላቸው የታወቀ ነው፤ ዐዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የመንደሩ ምላስ ግን ገና አልሰማም። እኛ ካህናት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልናፍር ይገባን ነበር። በተማሪነታችን የተሸከምነው ዳዊት የተደጐሰው በእንጨት ገበታ ላይ ነው። የምንዘምርበት ከበሮ ከግንድ የተፈለፈለ፣ የምንደገፈው መቋሚያ የተጠረበ፣ መንበሩም የጠራቢ እጅ ሥራ ነው። የደብተራ ኦሪትን ዕቃ የሠራ ባስልኤልም የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ሰው ተብሎ የተነገረለት፣ ስብከት ሰብኮ ሳይሆን ወርቅና ናስ ቀጥቅጦ፣ እንጨት ጠርቦ ነው።

ከዚያ በኋላ ቍጣችን በርዶ ተቀመጥንና «እስቲ የምትሠራውን አሳየን» አልነው። እርሱም ደስ እያለው አሳየን።

ሰዓቱ ከጥቂት ዘንግ በቀር ሁሉም እንጨት ነው። መንኰራኵሮቹን ከዋንዛ፣ ብዙ የሚፋተገውን ክፍል ከወይራ አድርጎታል። በላይ ገመድ የተጠመጠመበት በርሜል መሳይ ድቡልቡል እንጨት አለ፤ በገመዱ ጫፍ አሸዋ የተሞላ ጣሳ ተንጠልጥሏል። ጣሳው ሊወርድ ሲል መንኰራኵሮቹን ያዞራል። ከመንኰራኵሮቹ የመጨረሻው 30 ጥርስ አለው፤ ከበላዩም እንደ መርከብ መልሕቅ ሁለት ክንፍ ያለው እንጨት ተቀምጧል። መልሕቁ ከሚወዛወዘው ዘንግ፣ ፔንዱለም ከሚባለው ጋራ የተያያዘ ነው። ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ባለ ቍጥር መልሕቁ አንዱን ጥርስ ይለቃል፣ ሌላውን ይይዛል። የሰዓት ድምፅ የምንለው ጥርሱ ከመልሕቁ ጋራ ሲጋጭ የሚሰማው ነው። የዘንጉ ርዝመት ሁለት ክንድ ያህል፣ ሲለካ 99 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሄድ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለውን ፔንዱለም ለሰዓት ያዋለው ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1656 ነበር።

ልጃችን «አባቴ፣ መልሕቁ ባይኖር ምን እንደሚሆን ይመልከቱ» ብሎ መልሕቁን ነቀለው። ወዲያው መንኰራኵሮቹ እየጮኹ ተሽከረከሩ፤ ጣሳው እንደ ድንጋይ ወርዶ ወለሉን መታ። ለአንድ ቀን ይበቃ የነበረው ኀይል ዐይን እስኪገለጥ አለቀ።

እኛ በትርጓሜ ቤት ያደግን ነንና ይህን አይተን ዝም ማለት አልቻልንም። ጣሳው ለሰው የተሰጠው ዘመን ነው፤ መልሕቁ ሕግ ነው፤ ሕግ የሌለው ሰው የዓመቱን ኀይል በአንድ ሌሊት ያፈስሰዋል። አንድም፤ መልሕቁ ጾም ነው፤ ሥጋን በአንድ ጊዜ እንዳይወርድ ይዞ በልክ ይለቀዋል። አንድም፤ መልሕቁ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ናቸው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሥራችንን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ቀኑን ቀን ያሰኙታል። ከዚህ በኋላ ግን ያላሰብነውን ነገር ነገረን። ዘንጉ ለብቻው ቢወዛወዝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደክሞ ይቆማል፤ እንዳይቆም የሚያደርገው ጥርሱ ከመልሕቁ ሲያመልጥ የሚሰጠው ትንሽ ግፊት ነው። የሚያዘው ለሚይዘው ብርታት ይሰጠዋል ማለት ነው። ይህን ስንሰማ የምእመናን ላብ የቤተ ክርስቲያንን ጸሎት እንዴት እንደሚያቆመው አሰብን፤ መባውና ዕጣኑ፣ ጧፉና ዘቢቡ ከወዴት ይመጣል? ጸሎት ሥራን ይይዛል፤ ሥራም ጸሎትን ይገፋል።

ወደ ቤታችን ተመልሰን ስለ እንጨት ሰዓት የተጻፈውን ፈልገን አነበብን፤ ካነበብነውም ውስጥ የሁለት ሰዎች ነገር ልባችንን ነካው።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን ነው። የጠራቢ ልጅ፣ ራሱም ጠራቢ፣ በሊንከንሸር ባሮው በምትባል መንደር የሚኖር፣ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም መዘምራንን የሚመራ ሰው ነበር። በ1713 በሃያ ዓመቱ የሠራት ሰዓት ከሞላ ጐደል እንጨት ነበረች፤ እስከ ዘመናችንም ተጠብቃ ቈይታለች። እንጨት ከዘሩ አቅጣጫ ተሻግሮ ከተቈረጠ ጥርሱ ቶሎ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሃሪሰን ጥርሶቹን ዘራቸው ወደ ውጭ የሚሄድ አድርጎ በክፍል በክፍል ከባሉጥ እንጨት እየቈረጠ በመንኰራኵሩ ጠርዝ ገጠማቸው። በ1722 ገደማ ለአንድ ባላባት በረት የሠራው ሰዓት ደግሞ፣ የሚፋተገው ክፍል ከራሱ ቅባት ካለው እንጨት ስለ ተሠራ ዘይት አያሻውም። ይህ ሰው በኋላ መርከበኞች በባሕር ላይ ስፍራቸውን የሚያውቁበትን ሰዓት ሠራ። አራተኛይቱ ሰዓቱ በ1761 ወደ ጃማይካ ተጭና በ81 ቀን የዘገየችው አምስት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። በሕግ የተወሰነው ዋጋ ግን በዳኞቹ ክርክር ስለ ዘገየ፣ የመጨረሻው ገንዘብ የተከፈለው በ1773፣ በሰማንያ ዓመቱ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ግን ስለሚከተለው ነው። ሃሪሰን ገና ወጣት ሳለ ወደ መንደሩ የመጣ አንድ ካህን፣ ኒኮላስ ሳንደርሰን የተባለ ዐይነ ስውር የካምብሪጅ መምህር ስለ ፍጥረት አካሄድ ያስተማረውን ትምህርት ጽሑፍ አዋሰው። ያም የጠራቢ ልጅ እንደ እኛ ጸሐፍት ቍጭ ብሎ ጽሑፉን ሁሉ በእጁ ገለበጠው። ያ ካህን ለጠራቢው መጽሐፍ አዋሰ፤ እኛ ለጠራቢያችን የወሰድንለት ስድብ ነበር።

ሁለተኛው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በ1731 የተወለደው ጥቁሩ ቤንጃሚን ባኔከር ነው። አባቱ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ነበር። ባኔከር በሃያ ሁለት ዓመቱ ገደማ አንድ የኪስ ሰዓት ተውሶ ውስጡን መረመረ፤ እያንዳንዱን ክፍል በሥዕል አስቀርቶ፣ በልክ አሳድጎ፣ ከእንጨት ቀርጾ ደወል የሚመታ ሰዓት ሠራ። ሰዓቱ እርሱ በ1806 እስኪሞት ድረስ እንደ ሠራ ተጽፏል። ለእርሱም በሽምግልናው ጎረቤቱ ጆርጅ ኤሊኮት የሥነ ፈለክ መጻሕፍትና መሣሪያ አዋሰው፤ ከ1792 ጀምሮም የዘመን መቍጠሪያ መጻሕፍት አሳተመ። የቀብሩ ዕለት ግን ቤቱ በእሳት ተቃጠለ፤ የእንጨት ሰዓቱም አብሮ ጠፋ።

እንግዲህ በሚከተለው ሳምንት ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ጠራናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱም ሰንበታት የተከበሩ መሆናቸውን፣ ይህም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ መጽናቱን ካህናት ያውቃሉ። ስለዚህ በእሑድ መጋዝ ፈጽሞ እንዳይሰማ አዘዝን፤ እርሱም አልተከራከረም። ስለ ቀዳሚት ሰንበት ግን «አባቴ፣ በሌላው ቀን ከሥራ ስገባ መሽቶ ዐይኔ ደክሟል፤ እጄ ከወረቀት ሌላ የሚነካው በዚህች ቀን ብቻ ነው» ብሎ ለመነን። መዘንነው። ሥራው ለሽያጭ አይደለም፤ ሠራተኛም አያደክምበትም። ከኪዳንና ከቅዳሴ በኋላ እስከ ሠርክ ብቻ እንዲሠራ ፈቀድንለት። ከዚህ አጥብቀው የሚከለክሉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ አንከራከራቸውም፤ ልክ የሆኑት እነርሱም ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ ግን ከመጋዙ ይልቅ ያስፈራን የተዘጋው በር ነው። ስለዚህ ቀኖና ሰጠነው፤ በሩ ተከፍቶ ይዋል፣ ልጆቹ ይግቡ፣ ሰጋቱራውንም ራሱ ይጥረግ። ሚስቱ የመጨረሻውን ስትሰማ ሣቀች። ክሷ ከግማሽ በላይ በዚያ አለቀ።

ደግሞም ልናውሰው የምንችለው ምን እንዳለን አሰብንና ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለን። ልጅ ሳለን በጾም ወራት ጥላችንን በጫማ እየለካን ሰዓቱን እንጠብቅ ነበር፤ መምህራችንም አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልኢት፣ አንድ ካልኢት 60 ሣልሲት መሆኑን በቃል አስያዙን። ይህን ነግረነው አብረን ብናሰላው፣ የእርሱ ዘንግ 24 ጊዜ ሲመታ አንድ ካልኢት ይሆናል፤ 60 ካልኢት 24 ደቂቃ፣ ማለት አንድ ኬክሮስ ነው። አባቶቻችን ያለ መንኰራኵር የከፈሉት ዕለትና የእርሱ የዋንዛ ጥርስ ያለ ትርፍና ያለ ጕድለት ተገጣጠሙ። መዝገብ ያዥ ነውና ሒሳቡን ሦስት ጊዜ መረመረው።

ሰዓቱ ከፋሲካ በኋላ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ገጹም ከ፩ እስከ ፲፪ በግእዝ ቍጥር ተጽፎበታል። በሐምሌ ዝናም እንጨቱ አብጦ ጥርሶቹ ስለ ተያያዙ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ልጃችንም አውርዶ ጥርሶቹን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት አሣሣቸው። በበጋ ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተቱ ይበዛ ይሆናል ብሎ ይፈራል። ቅዳሜ ማታ መጋዙን በምስማር ላይ ይሰቅልና ገመዱን ጠምጥሞ ጣሳውን ወደ ላይ ያወጣዋል። እሑድ ጠዋት ኪዳን ሲደርስ ከሚስቱ ጋራ ቆሞ እናየዋለን።

ባለፈው ጊዜ ለጠበል ጸዲቅ ጠርተውን ስንሄድ ትንሽቱ ልጁ ከሰዓቱ ሥር ቆማ ጣቷን እያጠፈች ትቈጥር ነበር። ሃያ አራት ስትደርስ ወደ እኛ ዞራ «አባባ፣ ካልኢት!» አለችና እንደ ገና ከአንድ ጀመረች።